የግማሽ ቀን ሥራ አገኘሁ፤ ድጋፉ ይቋረጥብኝ ይሆን?

ቤዛ ዘሰባ ደረጃ (ሰኞ፣ ማታ 4፡20)

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው።

31 ዓመቴ ነው። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ ሁለቱም እግሮቼ ስለተጎዱ በክራንች ነው የምሄደው። ሰባ ደረጃ አካባቢ በቀበሌ ቤት ከእናቴ ጋር እንኖራለን። እማዬ ስኳር አለባት። በሴፍቲኔቱ (መንግሥት ለከተማ ድሆች በሚሰጠው ድጋፍ) ሥራ ሳይጠየቅ በሚከፈለው ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ታቅፈናል፤ ብሩ በባንክ ደብተራችን ይገባል። ብዙ አይደለም፣ ጤፍና ዘይት ነው። ከብሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የጤና መድኑ ነው። መክፈል የማይችሉ ተብለን መዋጮውን መንግሥት ስለሚሸፍንልን የእማዬ ኢንሱሊን የሚወጣው በዚያ ካርድ ነው።

ባለፈው ሳምንት ካዛንቺስ ያለ አንድ ቢሮ ስልክ የሚያነሳና መረጃ ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባ ሰው ፈልጎ ጠራኝ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ደመወዙ 3,500 ብር። ዲፕሎማ ከያዝኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ እስከ ዛሬ ደመወዝ የሚባል ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም። ሙሉ ቀን መቀመጥ ወገቤ አይችልም፤ አራት ሰዓት ግን እችላለሁ።

ከመፈረሜ በፊት ልጠይቅ ብዬ ድጋፋችን ወዳለበት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። አንደኛው መስኮት «ሥራ ካገኘሽማ ከዚህ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ሁለተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዝም ብለሽ ሥሪ፣ ማን ያይሻል» አለኝ። ሁለቱም መልስ አልሆነኝም። አንደኛው እናቴን መድኃኒት ያሳጣታል፣ ሁለተኛው እኔን ሌባ ያደርገኛል። በዚህ ነገር ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። መልስ የምሰጣቸው ዓርብ ነው።

የፒያሳው (ሰኞ፣ ማታ 4፡51)

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! እኔ ብሆን ሁለተኛውን ሰውዬ እሰማ ነበር። 3,500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ሀብታም ሆነሽ አይደለም የምትደበቂው። ሥራውን ያዢ፣ ዝም በዪ፣ የእናትሽን ካርድ ጠብቂ።

ነጭ በትር (ሰኞ፣ ማታ 5፡30)

የፒያሳው ወንድሜ፣ ሐሳብህ ከቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፤ ምክሩን ግን አልቀበለውም። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፣ ሥራ ከያዝኩ 14 ዓመቴ ነው። ለድጋፉ ድሃውን የሚለየው የልየታ ኮሚቴ የሰፈራችን ሰው ነው። ቤዛ ጠዋት ጠዋት ቦርሳ ይዛ በአራት ኪሎ ስትሻገር ጎረቤት ሁሉ ያያታል። አንድ ቀን በስብሰባ መሐል «እሷኮ ደመወዝተኛ ናት» የሚል ይነሳል፤ ያን ቀን ብሩም ይሄዳል፣ ስሟም ይሄዳል። ድሃ ሰው ከስሙ ሌላ ምን ንብረት አለው?

ቤዛ፣ ሕጉ ካንቺ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ እንዲሰጥ ያዛል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ 568/2000 ደግሞ አሠሪሽ ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም ሥራው ለጉዳትሽ እንዲመች ማስተካከያ፣ እንዲያደርግ ያስገድደዋል፤ በአካል ጉዳትሽ ምክንያት ተገፋሁ ብለሽ ብትከሺ አላገለልኩም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው በእሱ ላይ ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 27 ስለ ሥራ ነው፣ አንቀጽ 28 ስለ ማኅበራዊ ጥበቃ። ጎን ለጎን የተጻፉ ናቸው። አንዱን ስትይዢ ሌላውን ጣዪ የሚል ቃል የለባቸውም።

ስለዚህ በቃል መጠየቅሽን ተይው። በደብዳቤ ጠይቂ።

የቀድሞ ኮሚቴ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡15)

የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ሰፈራችን ውስጥ በልየታ ኮሚቴ አባልነት አገልግያለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ተጠቃሚው የሚመረጠው በቤተሰብ ደረጃ ነው እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። መጀመሪያ ነዋሪው የሰፈሩን ድሃ ይለያል፤ ቀጥሎ ቤት ለቤት መጠይቅ ይሞላና ነጥብ ይሰጣል። መጠይቁ የሚያየው ቤቱን፣ ዕቃውን፣ የቤተሰቡን ብዛት ነው፤ የደመወዝ ወረቀት አይጠይቅም። የችግርሽ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ገቢ በብር ተለክቶ «እስከዚህ ድረስ ብትሠሪ ምንም አትነኪም፣ ከዚህ በላይ ይህን ያህል ይቀነሳል» የሚል ደረጃ ስለሌለ ነገሩ ሁሉ ወይ ትገቢያለሽ ወይ ትወጪያለሽ ይሆናል። መስኮት ላይ ያለው ልጅ በሁለት ቃል የመለሰልሽ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በእጁ ያለው ሁለት ቃል ብቻ ስለሆነ ነው።

ሌላም አለ። በፕሮግራሙ መሥራት የሚችሉት በአካባቢ ልማት እየተሳተፉ፣ ከሚከፈላቸው 20 በመቶ እየቆጠቡ በሦስት ዓመት «እንዲመረቁ»፣ ማለትም ራሳቸውን ችለው ከድጋፉ እንዲወጡ፣ ነበር የታሰበው። እነሱ ከተጠቃሚው 84 በመቶ ነበሩ። ቀሪው 16 በመቶ፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያሉበት፣ ቀጥታ ድጋፍ ነው፤ ለእነሱ መመረቅ የሚባል ነገር አልታሰበም። መሥራት የሚችልና መሥራት የማይችል ተብሎ ሰው ለሁለት ሲከፈል አራት ሰዓት መሥራት የምትችል ቤዛ በየትኛው ትጻፍ? ያኔም ይህን ጥያቄ ያነሳች አንዲት እናት ነበረች። መልስ ሳንሰጣት ነው ስብሰባው የተበተነው፤ እስካሁን ይከነክነኛል።

ስለ መድኑ አትሸበሪ። ከነፃ አባልነት ብትወጡ እንኳ እናትሽ ተቀጣሪ ስላልሆኑ በምዝገባ ወቅት መዋጮ እየከፈሉ አባል ሆነው መቀጠል ይችላሉ። ወቅቱ እንዳያመልጥሽ ብቻ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ማክሰኞ፣ ቀን 6፡40)

ቤዛዬ፣ ከስሜቱ በፊት ቁጥሩን እንየው። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር እስከ 2,000 ብር ድረስ ነፃ ያደርጋል፣ ቀድሞ 600 ብር ነበር። ከ2,000 በላይ ያለው 1,500 ብርሽ በ15 በመቶ ሲሰላ 225 ብር ግብር ነው። ጡረታ ካንቺ 7 በመቶ፣ 245 ብር። እጅሽ የሚገባው 3,030 ብር። አሠሪሽ ደግሞ በስምሽ 11 በመቶ፣ 385 ብር ይጨምራል።

መመዝገብሽን አረጋግጪ። «የግማሽ ቀን ናት» ብለው ጡረታውን የሚዘሉ አሠሪዎች አይቻለሁ። ዛሬ የምትቆጥሪው አገልግሎት ነገ የጤና ጉድለት ጡረታ የሚያሰጥሽ ነው፤ ለዚያ 10 ዓመት ያስፈልጋል።

አሁን ወጪውን ንገሪኝ። እንዴት ነው የምትሄጂው?

ቤዛ ዘሰባ ደረጃ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እያነበብኩ አለቀስኩ።

አካሄዴ እንዲህ ነው። ከቤት እስከ ዋናው መንገድ ቁልቁለት ነው፣ 15 ደቂቃ። ከዚያ ሚኒባስ። ክራንቼ ቦታ ይይዛል ስለሚሉኝ ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው እከፍላለሁ። ደርሶ መልስ በቀን 50 ብር ብንይዝ በወር 1,100 ብር ነው። ዝናብ ሲሆን ኮንትራት ካልያዝኩ አልችልም። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊና ደልዳላ ሆኖ በጣም አስደስቶኝ ነበር፤ ሲረጥብ ግን ንጣፉ ያንሸራትታል፣ የክራንቼ ጎማም ቶሎ ያልቃል። ፒያሳ አንድ ጫማ ሰፊ አለ፣ ከመኪና ጎማ ቆርጦ ይሠራልኛል። በየቀኑ ከወጣሁ በሁለት ወር አንዴ ማስቀየሬ አይቀርም።

ከ3,030 ላይ ይህን ሁሉ ስቀንስ ከ1,900 ብር ብዙ አያልፍም። በዚያ ላይ ድጋፉ ከተቋረጠ ተለፍቶ ያው ነው። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ሜሪላንድ ነኝ (ማክሰኞ፣ ማታ 5፡58)

ቤዛ እህቴ፣ ያደግኩት ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው፤ አሁን ሜሪላንድ ነኝ። በኩላሊት ሕመም ምክንያት ድጋፍ የምቀበልና በሳምንት ጥቂት ሰዓት የምሠራ ሰው ነኝ። ያንቺን ጥያቄ እዚህ እኔም ጠይቄዋለሁ። አገሩ ስለሚለያይ ሕጉ ላንቺ አይሠራም፤ አሠራሩን ግን እወቂው።

እዚህ ሁለት ዓይነት አለ። ኤስኤስአይ የሚባለው ገቢውና ሀብቱ አነስተኛ ለሆነ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የፌዴራሉ ከፍተኛ ክፍያ ለአንድ ሰው በወር 967 ዶላር ነበር። ሠርተሽ ካገኘሽው የመጀመሪያው 85 ዶላር አይቆጠርም፣ ከዚያ በላይ ካለው ግማሹ ብቻ ይቆጠራል። 485 ዶላር ብትሠሪ 85ቱ ይተዋል፣ ከ400ው 200 ይቆጠራል፣ ድጋፉ 767 ይሆናል። ጠቅላላ 1,252 ዶላር እጅሽ ይገባል። ሠርተሽ አትከስሪም ማለት ነው። ለመሥራት ብለሽ በጉዳትሽ ምክንያት የምታወጪውም ይቀነስልሻል። ያ የክራንች ጎማና ኮንትራት ታክሲ እዚህ ቢሆን በደረሰኝ ይታሰብልሽ ነበር።

ሁለተኛው ኤስኤስዲአይ ነው፤ ሠርተው መዋጮ ለከፈሉ። እሱ ዘጠኝ የሙከራ ወር ይሰጥሻል። ከተወሰነ መጠን (እ.ኤ.አ. በ2025 በወር 1,160 ዶላር ነበር) በላይ ያገኘሽበት ወር አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ በእነዚያ ወራት የፈለግሽውን ያህል ብትሠሪ ሙሉ ድጋፍሽ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ 36 ወር አለ፤ በዚያ ውስጥ ከጣሪያው (በ2025 1,620 ዶላር ነበር) በላይ ባገኘሽበት ወር ይቆማል፣ በወረደበት ወር ይመለሳል። ለዓይነ ስውራን ጣሪያው ያኔ 2,700 ነበር። በሥራ ምክንያት ጨርሶ ከተቋረጠም በኋላ ሕመምሽ ካገረሸ እስከ አምስት ዓመት ድረስ አዲስ ማመልከቻ ሳያስፈልግሽ መመለስ ትችያለሽ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ መመለሻ ነው። ዲያሊስስ የጀመርኩ ጊዜ ሥራ አቁሜ ተመለስኩ፣ በሩ ክፍት ነበር። ሁሉም አልጋ በአልጋ ነው እንዳትዪኝ፤ ደመወዜን ሳላሳውቅ የዘገየሁበት አንድ ጊዜ «ያላግባብ ተከፍሎሃል» የሚል ደብዳቤ መጥቶብኝ ወር ሙሉ እንጀራ አልወረደልኝም። ስለዚህ ከነጭ በትር ጋር ነኝ፤ አትደብቂ።

ኤስኤስአይ ላይ ሆናችሁ አዲስ አበባ ልትመጡ የምታስቡ ካላችሁም ልብ በሉ፤ ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ከቆያችሁ ክፍያው ይቆማል። እናቴን ለመቅበር መጥቼ በ26ኛው ቀን የተመለስኩት ለዚህ ነው። አርባዋን አላወጣሁም።

የፒያሳው (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡10)

ነፍስ ይማር ወንድሜ። ግን ዶላሩን እዚህ ማውራት ቤዛን ምን ይጠቅማታል? እኛ አገር መሥሪያ ቤቱ ከየት አምጥቶ ነው እንዲህ የሚያሰላው?

ነጭ በትር (ረቡዕ፣ ቀን 7፡00)

ይጠቅማታል። የገንዘቡን መጠን አይደለም የምንቀዳው። ሦስት ነገር ሰምቻለሁ፦ ድጋፉ በአንዴ ሳይሆን በደረጃ ይቀነሳል፣ ለመሥራት የወጣው ወጪ ይታሰባል፣ መመለሻ አለ። ሦስተኛው እኮ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም! «ሥራው ካልሆነልሽ በስድስት ወር ውስጥ ወደ ቦታሽ ትመለሻለሽ» የሚል አንድ መስመር መመሪያ ውስጥ ማስገባት ነው። ያ መስመር ቢኖር ስንቱ ከቤት ይወጣ ነበር።

ከለንደን (ረቡዕ፣ ማታ 3፡33)

አጭር ነገር ልጨምር። እዚህ ልጄ የሚያገኘው ፒአይፒ የሚባል ድጋፍ አለ። የሚሰጠው ለድህነት አይደለም፤ አካል ጉዳት ለሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ ነው፣ ስለዚህ ሠራ አልሠራ፣ ደመወዙ በዛ አነሰ አይነካም። የሚነካው ሌላኛው፣ ለኑሮ የሚሰጠው ነው፤ እሱም ከተፈቀደው በላይ ካገኘው ከእያንዳንዱ ፓውንድ 55 ሳንቲም እየተቀነሰ ነው። የቤዛ የሁለት ሰው ታክሲ ሥራ ቢኖራትም ባይኖራትም ያለ ወጪ ነው። ሁለቱ ጉዳይ ተለያይቶ ቢታይ ደስ ይለኛል።

ጋሽ መካኒኩ (ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡45)

ልጄ ቤዛ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ቀኝ እጄ ላይ ሦስት ጣት ማሽን ወስዶብኛል።

እኔ የሴፍቲኔት ሰው አይደለሁም፣ የጡረታ ሰው ነኝ። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ጉዳቱ ከሥራ ጨርሶ ካወጣው የጉዳት ጡረታ አበል ነው፣ የደመወዙ 47 በመቶ በየወሩ። ተጎድቶም መሥራት ከቻለ ዳረጎት ነው፣ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ ያበቃል። እኔ መሥራት ትችላለህ ተብዬ ዳረጎት ወሰድኩ። ያኔ ተበድያለሁ ብዬ ሦስት ወር ተመላለስኩ። ዛሬ ሳየው ዳረጎት ጥሩ ጎን አለው፤ አንዴ ከወሰድከው በኋላ ብትሠራም የሚቀነስ የለም። ግማሽ ቀን ጥበቃ እሠራለሁ፣ ማንንም አልፈራም።

አብሮኝ የተጎዳው ጓደኛዬ ግን በየወሩ የሚቀበል ነው። እጀ ወርቅ ነው፣ ሬዲዮ ይጠግናል። መሥራት ይችላል ተብዬ የሐኪሞች ቦርድ ፊት እንዳያቀርቡኝ ብሎ ሬዲዮ ይዘው ሲመጡበት በር ይዘጋል። ቤቱ ስሄድ የብየዳ ሽታ ይሸተኛል፣ እሱ ግን ምንም አልሠራሁም ይለኛል። ለእኔ፣ ለጓደኛው! አንቺ እንዲህ እንዳትሆኚብኝ።

የካዛንቺሷ እናት (ሐሙስ፣ ማታ 2፡20)

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለው የ22 ዓመት ልጅ አለኝ። ካዛንቺስ እያለን ዳቦ ቤት ግማሽ ቀን ትሪ ያጥብ ነበር። በልማቱ ተነስተን ገላን ጉራ ስንገባ ሥራው ራቀ፣ የድጋፍ ፋይላችንም ቀድሞ ከነበርንበት ወደ አዲሱ ቦታ ሳይደርስ ወራት አለፉ። የቀድሞው «እዚያ ጠይቁ» ይላል፣ የአሁኑ «አልደረሰንም»። እኔ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ማኅተም ያለው ቅጂ ሳትይዢ ከየትኛውም ቢሮ አትውጪ። በመጨረሻ ያተረፈኝ ትራስ ስር ያስቀመጥኩት ፎቶ ኮፒ ነው።

ልጄ እስካሁን «ዳቦ ቤት መቼ ነው?» ይለኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሽርጡን አጥፎ አልጋው ጫፍ ላይ ያስቀምጣል። ሥራ ለእሱ ገንዘብ አልነበረም። ቤዛ፣ ከቻልሽ ግቢ።

ነጭ በትር (ሐሙስ፣ ማታ 4፡00)

ደብዳቤው እንዲህ ቢሆን፦ ማን እንደሆንሽ፣ የቤተሰባችሁ ቁጥር፣ ሥራው በቀን 4 ሰዓት መሆኑ፣ ደመወዙ፣ ለትራንስፖርት የምታወጪው፣ የእናትሽ ሕመም። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ብቻ። ድጋፉና የጤና መድኑ እስከሚቀጥለው ልየታ ይቀጥላል ወይ? ሥራው ቢቋረጥ የምመለሰው እንዴት ነው? መልሱ በጽሑፍ ይሰጠኝ በዪ። መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥር ተቀበዪ። መጻፉ ከከበደሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አብረን እንጽፈዋለን። ለአሠሪሽም በውሉ ላይ የሰዓቱን ልክና ተመጣጣኝ ማመቻቸቱን አስጽፊ፤ ወንበር፣ መጸዳጃ ቤት፣ በዝናብ ቀን ግማሽ ሰዓት ማርፈድ። አሁን ካልተጻፈ በኋላ ውለታ ይሆንብሻል።

ቤዛ ዘሰባ ደረጃ (ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ቀን 9፡15)

ሳልመለስ በመቅረቴ ይቅርታ። ያለውን ልንገራችሁ።

ዓርብ ዕለት ፈረምኩ። ከመፈረሜ በፊት የቀጠረችኝን ሴትዮ ስለ ዝናቡ ቀን ስጠይቃት ወረቀቱን ወስዳ በእጇ ጻፈችበት፤ «እስከ 3፡30 መግባት ትችላለች»። አብራኝ የምትሠራው ልጅም ከአራተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት አወረደችልኝ፣ ጠረጴዛዬን ማለቴ ነው። ጡረታ ተመዝግቤያለሁ።

ደብዳቤውን ነጭ በትር ጋር ጽፈን ሰኞ አስገባሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ቁጥር ስጠይቃት ቀና ብላ አየችኝና ማኅተሙን በሁለቱም ቅጂ ላይ መታችልኝ። ከ12 ቀን በኋላ ኃላፊው አስጠሩኝ። ወንበር አስመጡልኝ። ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡት፣ የክራንች ጎማው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ይህን ማንም ጽፎልን አያውቅም» አሉኝ። የጻፉልኝ መልስ ሁለት መስመር ነው፤ የቤተሰባችን ሁኔታ በሚቀጥለው ልየታ እስኪታይ ድረስ ድጋፉም የእማዬ ካርድም ይቀጥላል። ስለ መመለሻው ግን ምንም አላሉም። ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፈናል፤ እሱን ብቻዬን አይደለም የፈረምኩት፣ ከሰፈራችን እንደ እኔ ያሉ አምስት ሰዎች አሉበት። አንዷ መስማት የተሳናት ልብስ ሰፊ ናት፣ ሥራ እያላት ሁለት ዓመት ተደብቃ የኖረች።

ጋሽዬ፣ ጓደኛዎን እባክዎ ሰላም ይበሉልኝ። የእማዬ ሬዲዮ ተበላሽቷል፤ ሰው ከፊት ለፊት በር ሲገባ እንዳያይ በጓሮ አመጣለሁ ይበሏቸው፣ ካልፈለጉም እተወዋለሁ።

የመጀመሪያው ደመወዝ ሐሙስ ገባ፣ 3,030 ብር። ሒሳብ ሠራተኛዋ በሳንቲም አልተሳሳተችም። 400 ብሩን ለመድኑ መዋጮ ብዬ ለብቻው አስቀመጥኩ፣ ካርዱ ቢቀር እንኳ እማዬ በራሷ ስም ከፍላ እንድትቀጥል። ከዚያ ፒያሳ ሄጄ ጎማውን አስቀየርኩ። ጫማ ሰፊው ገና ሳልናገር «ዘንድሮ ቶሎ በላሽው፣ የት ነው የምትውዪው?» አለኝ።

ሥራ አልኩት።